የእቴቴ ቁርስ ቤት ካላንደር፦ ከሰኔ 2017 እስከ ታኅሣሥ 2018

ሰኔ 8፣ እሑድ

እቴቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ስድስት ኪሎ አካባቢ ቁርስ ቤት አላት፤ ደንበኞቿ በብዛት ተማሪዎች ናቸው። ግድግዳው ላይ ከአንድ ድርጅት በስጦታ የመጣ ካላንደር ተንጠልጥሏል። ከትራክተር ፎቶ በቀር የሚታይ ነገር የለውም።

ለ2018 የተሻለ ልሠራላት ነው። በቀን አንድ ገጽ። ከላይ ቀኑ፣ መሐል ላይ በዚያ ቀን የተወለደ ሠዓሊ ወይም ሙዚቀኛ ወይም ፈላስፋ፣ ከሥር አንድ አባባሉ። ቀኑ ሲያልፍ ይቀደዳል። 365 ገጽ፣ ኤ4 ለአራት ተቆርጦ።

ያለኝ ዕቃ፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ጎግል ሺት፣ ትንሽ ፓይተን (የኮምፒውተር ኮድ መጻፊያ ቋንቋ)። ሦስት ቅዳሜ ይበቃኛል ብያለሁ። (ይህን አረፍተ ነገር ሆን ብዬ አላጠፋሁትም።)

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

በአንድ ቀን 140 ስም ገባ። በጣም ቀላል ነበር፤ ቀላል የሆነበትን ምክንያት ያየሁት ማታ ነው። ከ140ው ከመቶ በላዩ ፈረንጅ ነው። የፈረንጅ ልደት ፍለጋ ላይ ሲጻፍ ወዲያው ይመጣል። የእኛ ሰው ሲጻፍ ወይ ዓመቱ ብቻ፣ ወይ ሦስት ዓይነት ቀን ነው የሚመጣው።

ሁለተኛ ችግር፦ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሁለት ጊዜ ገብተዋል። አንዱ «ጸጋዬ ገብረ መድኅን»፣ ሌላው «ፀጋዬ ገብረ መድህን»። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን ወደ አንድ የሚመልስ አሥራ አምስት መስመር ኮድ ጻፍኩ። ለማወዳደር ብቻ ነው፤ የሚታተመው ፊደል እንዳለ ይቀራል። እሱ ሲሠራ ሌሎች አራት ድርብ ስሞች ተያዙ። ጸጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ላይ ተቀመጡ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሙሉ ቀን በአንድ ሰው አለቀ።

ቀን የምቀይረው በሠንጠረዥ ነበር። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ እያለ የሚሄድ። ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19፣ 1943 ነው። በሠንጠረዤ ታኅሣሥ 10 ይሆናል። ለማረጋገጥ ስልኬ ላይ ባለው መቀየሪያ ሞከርኩ፤ ታኅሣሥ 9 አለኝ። ሌላ መቀየሪያ ሞከርኩ፣ እሱም 9። የስልኩ ስህተት ነው ብዬ ግማሽ ቀን ተከራከርኩ።

ማታ ለእቴቴ ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች «ዓመቱ ስንት ነው?» አለችኝ።

«1936።»

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አሰበች። «ዮሐንስ ነዋ። ከሉቃስ ቀጥሎ ነው። ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለሆነ ዮሐንስ በፈረንጅ አንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል። ይሄን ኮምፒውተሩ አያውቅም?»

ኮምፒውተሩ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ነኝ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለአራት ማካፈል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። 7436 ለአራት እኩል ይካፈላል። ስለዚህ 1936 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው፣ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስም ሁሉም ቀን በአንድ ይንሸራተታል። ሙላቱ ታኅሣሥ 9።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እዚያው ወጥመድ ውስጥ ነበሩ። ዲሴምበር 12፣ 1923 ማለት 1916 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ዮሐንስ። በኔ ሠንጠረዥ ታኅሣሥ 3 ነበሩ፤ ትክክሉ ታኅሣሥ 2 ነው። ኢየሩሳሌም በሚገኘው ገዳም ብዙ ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉትን ፒያኒስት እኔ አንድ ቀን ላሳንሳቸው ነበር።

ሠንጠረዡን ጣልኩት። አሁን ሁሉም ቀን መጀመሪያ ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር ይቀየራል፤ ከዚያ ወደ እኛ ቀን። የእኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. በዚያ ቆጠራ 1724221 ነው። የቀረው መደመርና ማካፈል ነው። መስከረም 1 ቀን 2018ን አስገብቼ 2460930 ሰጠኝ፤ ልክ ሴፕቴምበር 11፣ 2025። ጥላሁን ገሠሠ ሴፕቴምበር 27፣ 1940 ገብቶ መስከረም 17 ቀን 1933 ወጣ። የመስቀል ዕለት። እሱን እንኳ እቴቴ ያለ ስሌት ታውቀዋለች።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

አዲሱ ኮድ የድሮዎቹን ሰዎች ሁሉ አናወጣቸው። ሞዛርት በአንድ ቀን፣ ባኽ በሦስት ቀን። ኮዱ ተበላሽቷል ብዬ እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና ያው። ሦስተኛ ጊዜ ከመጻፌ በፊት ትንሽ ማንበብ ይሻላል አልኩ።

ነገሩ ይሄ ነው። ፈረንጆች በ1700፣ በ1800 እና በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉት። እኛ ጳጉሜን 6ን አልዘለልንም። በእያንዳንዱ ዝላይ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። አሁን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ከ1800 እስከ 1900 ግን ሴፕቴምበር 10 ነበር። ስለዚህ ከ1900 በፊት ለተወለደ ሰው የዛሬውን ሠንጠረዥ ወስዶ መለጠፍ አይሠራም። የማይሆን ነገር እየሠራሁ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር ያገኘሁት ሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪን ነው። ሩሲያ ያኔ በድሮው አቆጣጠር ስለነበረች የተወለደው ጁን 5፣ 1882 ተብሎ ተመዘገበ፤ በአዲሱ ጁን 17 ነው። እሱ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ልደቱን ጁን 18 ያከብር ነበር፤ ልዩነቱ ከ12 ወደ 13 ቀን አድጓላ። የኔ ኮድ ሰኔ 11 ቀን 1874 አለው። ዘንድሮ ሰኔ 11 ስንት ላይ ይውላል? ጁን 18። ሰውየው በእኛ ካላንደር ሲያከብር ኖሯል ማለት ይቻላል።

ባለቅኔው ፑሽኪን ደግሞ ሰኔ 1 ቀን 1791 ላይ ተቀመጠ። ፈረንጆቹ ጁን 6 ይሉታል፤ ዛሬ ጁን 6 ግንቦት 29 ነው። ቅድመ አያቱን አብራም ጋኒባልን ከሐበሻ ምድር ነው የሚሉም ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉም ስላሉ ያንን አልነካሁትም። ሰኔ 1 ብቻ ጻፍኩ።

ከዚያ የሳምንቱ ነገር መጣ። ሮሲኒ፣ የኦፔራው ጣልያናዊ፣ የተወለደው ፌብሩዋሪ 29፣ 1792 ነው። በራሱ ካላንደር ልደቱ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። በእኛ ግን በየዓመቱ አለለት። ኮዱን አስኬድኩ።

የካቲት 23 ቀን 1784።

ሁለት ጊዜ በእጄ አሰላሁት። ልክ ነው። ጣልያኑ የተወለደው በአድዋ ቀን ነው፣ ከጦርነቱ 104 ዓመት ቀድሞ። ለእቴቴ ደውዬ ነገርኳት።

«በአድዋ ቀን ጣልያን ግድግዳዬ ላይ አትሰቅልም» አለች። ቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀችም።

የሚገርመው የሙዚቃ ደራሲው ሾፓንም እዚያው ነው። ቤተሰቡ የሚያከብርለት ማርች 1፣ 1810 ነበር፤ የካቲት 23 ቀን 1802 ይሆናል። (የጥምቀት መዝገቡ ፌብሩዋሪ 22 ስለሚል እሱን የሚከተሉም አሉ።) ሾፓን ፖላንዳዊ ነው፣ ተፈቀደለት። ሮሲኒ በትንሽ ፊደል ከታች ገባ። ይህን እስካሁን አላየችም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ቀኑ አልቆ አባባሉ ቀረ። 118 አባባል ሰብስቤያለሁ። ሺቱ ላይ ቀለም ሰጠኋቸው። አረንጓዴ ማለት የት፣ መቼ እንደተባለ ይታወቃል። ቢጫ ማለት ይመስላል። ቀይ ማለት ሰውየው አላለውም።

ቀዩ ይበዛል። ቮልቴር «በምትለው ባልስማማም የመናገር መብትህን እስከ ሞት እከላከላለሁ» ብሏል ብዬ ኅዳር 15 ላይ አስቀምጬ ነበር። የጻፈችው ኤቭሊን ቢያትሪስ ሆል ናት፤ በ1906፣ የቮልቴርን አቋም በራሷ ቃል ስትገልጽ። ያኔ ቮልቴር ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንስታይን ስለ እብደት ተናገረው የሚባለውም (ያንኑ ነገር እየደጋገሙ ሌላ ውጤት መጠበቅ ነው የሚለው) በጽሑፎቹ ውስጥ አልተገኘም።

የቦብ ማርሊ ገጽ ጥር 29 ነው። ከስሙ ጋር በብዛት የሚዞረው ስለ ዘር ልዩነትና ስለ ጦርነት የሚለው ቃል የእሱ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4፣ 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው፤ ማርሊ በ1976 ዜማ አደረገው። ይህን አልጣልኩትም፤ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ስልሳኛ ልደቱ አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ ላይ መከበሩንም ጨመርኩ። እቴቴ ያን ቀን መንገድ ተዘግቶባት በእግሯ ነው ቤቷ የገባችው።

የእኛ ሰዎች ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ስልክ ላይ የሚዞሩ ፎቶዎች አሉ፤ የታወቀ ደራሲ ፊት፣ ከሥሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። ተረትና ምሳሌን ለአንድ ሰው መስጠት ምን ይባላል? እንደዚህ ያሉ ዘጠኝ አወጣሁ። አንዱን ያስገባሁት ራሴ ነበርኩ።

የቀረው አረንጓዴ 37 ነው። ከ118።

ሐምሌ 12

ዘዴ ቀየርኩ። የተረጋገጠ አባባል ከሌለ ሥራው ይገባል። አንድ መስመር፦ ምን ሠራ፣ የት ይታያል። አፈወርቅ ተክሌ (ጥቅምት 12 ቀን 1925፣ አንኮበር) ላይ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የባለ ቀለም መስታወት ሥራ ጻፍኩ፤ 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ከተማሪዎቹ ግቢ ተነስቶ በእግር ባይሆንም በታክሲ ይደረሳል። እስክንድር ቦጎሲያን (ሐምሌ 15 ቀን 1929) ላይ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን። ገብረ ክርስቶስ ደስታን የት ላስቀምጥ? ሐረር፣ 1932 እ.ኤ.አ. እንጂ የምተማመንበት ቀን የለኝም። ለጊዜው ከሺቱ ውጪ ነው፤ ያበሳጨኛል።

ትርጉምም ጊዜ በላ። ደካርት በ1637 በፈረንሳይኛ ያሳተመው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» ልበል «ስለማስብ አለሁ»? ሁለቱንም ለእቴቴ አነበብኩላት።

«እኔ ሳላስብም አለሁ» አለች። «ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊጥ ሳነሳ የሚያስብ ማን አለ?»

መጀመሪያውን መረጥኩ። ደካርት መጋቢት 25 ቀን 1588፣ ባኽ መጋቢት 25 ቀን 1677። አንድ ወረቀት ላይ ናቸው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ብቻ ቀኑን መቀየር አላስፈለገውም። በስሙ የሚታወቀው ሐተታ ራሱ ልደቱን ነሐሴ 25 ቀን 1592 ይላል። ዓመቱ ግን ያስቃል። ፈረንጆቹ መጻሕፍት 1599 ይሉታል፤ ነሐሴ ላይ ልዩነቱ 8 ስለሆነ ስሌቱ 1600 ነው የሚሰጠው። ሐተታውን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣልያናዊ ሚሲዮናዊ ነው የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1920 ተመራማሪው ኮንቲ ሮሲኒ (የኦፔራው አይደሉም) ያነሱትን ክርክር፣ ሌላው ተመራማሪ ክላውድ ሰምነርም የተቃወሙትን፣ በሁለት መስመር ገጹ ላይ አስገባሁ። ለእቴቴ ሌላ ጣልያን አልነገርኳትም።

ቆጠራ፦ ሰው ያለበት ቀን 241። ባዶ 124።

ባዶውን በፈረንጅ መሙላት ይቻላል፤ ሞልቷል። ግን ቁርስ ቤቱን የቪየና ካፌ ማድረግ አልፈለግኩም። ባዶ የበዛበት ምክንያትም ይገባኛል። እኛ ዘንድ የሚታሰበው የልደት ቀን ሳይሆን የዕረፍት ቀን ነው። ቅዱስ ያሬድን ግንቦት 11 እናስበዋለን፤ የተሰወረበት ነው እንጂ የተወለደበት አይደለም። አያቴ የተወለደችበትን ስትጠየቅ «በማርቆስ፣ እህል ሲታጨድ» ነበር መልሷ። ያን ሺት ላይ በየትኛው ዓምድ ላስገባው?

እቴቴ መፍትሔ ሰጠች፦ «መስመር አስምርና ተወው። ተማሪዎቹ የራሳቸውን ይጻፉ።»

124 ገጽ ላይ ሦስት ሦስት መስመር።

ነሐሴ 3

የገጽ ሥራ። ኮዱ 365 ገጽ ፒዲኤፍ አወጣ፤ ሁሉም ሳጥን በሳጥን ነው። የመረጥኩት ፎንት ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። አቢሲኒካ ፎንትን ሰጠሁት፣ ተስተካከለ። ከዚያ «።» ብቻዋን ወደ ቀጣዩ መስመር እየወረደች አስቸገረች። አራት ነጥቡን ከፊቱ ካለው ቃል ጋር የሚያጣብቅ ነገር ጨመርኩ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ማተሚያ ቤት። 365 በአራት ሲካፈል 92 ወረቀት፣ ለሽፋን የሚሆን ሦስት ትርፍ ቦታ። በወረቀት 6 ብር፣ 552 ብር። መቁረጫ 200።

ተቆርጦ ሲመጣ መስከረም 1፣ ከሱ ቀጥሎ መስከረም 5፣ ከዚያ መስከረም 9። በኤ4ው ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብዬ ነው ያስቀመጥኳቸው። ሲቆረጥ አራት ክምር ይሆናል፣ እያንዳንዱም በአራት ይዘላል። ወለል ላይ ተቀምጬ በእጅ ለማሰባሰብ ሞከርኩ። ጥቅምት ላይ ስደርስ የወንድሜ ልጅ ሮጦ አለፈበት።

ትክክሉ፦ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ 1፣ 93፣ 185፣ 277። ሁለተኛው ላይ 2፣ 94፣ 186፣ 278። ሲቆረጥ አራቱን ክምር መደራረብ ብቻ ነው። እንደገና 552፣ እንደገና 200። የመጀመሪያው እትም ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ እቴቴ ሒሳብ ትጽፍበታለች።

ነሐሴ 24

ማጣበቅ። ነጭ ኮላ፣ 130 ብር። በሁለት ጣውላ አጥብቄ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቀባሁ። ሲደርቅ አንዱን ገጽ ስቀድ አምስት ተከትሎ መጣ። ኮላው ወፍራም ላይ አልያዘም፤ የያዘበት ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ገጽ ከገጽ አጣብቋል። አራት ሚሊ ከጠርዙ አስቆርጬ አስወገድኩት። ማተሚያ ቤቱ ለዚህ አላስከፈለኝም፤ አዝነውልኝ ይመስለኛል።

አዲስ ሐሳብ፦ የእንጨት ሰሌዳ፣ ሁለት ቡሎን። ገጹ ግን በቀላሉ እንዲቀደድ ከቡሎኑ በታች የነጥብ መስመር ያስፈልጋል። የሚበሳ መሣሪያ ፈልጌ አጣሁ። ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ ሰምተውኝ «ክር ሳታስገባ በስፌት ማሽን ምታው» አሉኝ።

ሠራ! አምስት አምስት ገጽ፣ 73 ዙር። ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል፤ ሁለት መርፌ አለቀ፣ 50 ብር። ለጋሼ ለድካማቸው 300። ሰሌዳ 350፣ ቡሎን 60። እስካሁን ጠቅላላ 2394 ብር። ከዚህ 752ው የገጽ ቅደም ተከተል ስህተት ዋጋ ነው።

ጳጉሜን 5

ተሰቀለ። ትራክተሩ ወረደ፤ ከፍሪጁ ጀርባ ገብቷል፣ እቴቴ ዕቃ አትጥልም።

ጥቅምት 14

ሁለት ችግር። አንደኛ፣ ተማሪዎች ገጹን ቀዶ መውሰድ ይወዳሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይቀዱታል፣ ከሰዓት የሚመጣው የነገን ያያል። የአፈወርቅ ገጽ ጭራሽ በዋዜማው ጠፋ። የሥነ ጥበብ ተማሪ ነው የምትለው እቴቴ ናት። «ከመዘጋቱ በፊት አትቅደዱ» የሚል ወረቀት ለጠፍን።

ሁለተኛ፣ ባዶዎቹ ገጾች። ሦስት መስመር አይበቃም። አንድ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን አባባል ጨምሯል። «ዱቤ የጓደኝነት መሠረት ነው» የሚለውን እቴቴ በእስክሪብቶ ሰርዛዋለች።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ዛሬ የሙላቱ ገጽ ነው። ከእሱ በላይ ቤትሆቨን አለ። የቤትሆቨን የጥምቀት መዝገብ ዲሴምበር 17፣ 1770 ይላል፤ የተወለደው በዋዜማው ሳይሆን አይቀርም ስለሚባል ታኅሣሥ 9 ቀን 1763 ላይ አስቀምጬ «ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ቁርስ እየበላሁ አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ ተነሳ። «እትዬ፣ ካላንደሩ ተሳስቷል። ሙላቱ ነገ ነው፣ ዲሴምበር 19።»

አፌ ሙሉ ነበር። እቴቴ ከማብሰያው ሳትዞር መለሰች፦ «1936 ዮሐንስ ነው። ቁጭ በልና እንቁላልህን ብላ።»

ልጁ ወደ እኔ አየ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

ለ2019፦ ዓመቱ ሉቃስ ነው፣ 366 ገጽ። ወረቀቱ ያው 92፣ ትርፉ ሁለት ቦታ ብቻ፣ ስለዚህ ሽፋኑ አንድ ይቀነሳል። ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፣ 1፣ 93፣ 185፣ 277። ባዶው ገጽ ስምንት መስመር ይሁን። የካቲት 23 ላይ ሮሲኒን ከማንሳቴ በፊት የዘንድሮው ቀን እንዴት እንደሚያልፍ አያለሁ፤ ገና ሁለት ወር ተኩል ይቀረዋል።